በርበሬሽን አትደብቂው

በኡም ኡዘይና በተደረገው የእህቶች የዓርብ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

ከስድስተኛው ዱዋር በእግራችሁ የመጣችሁም፣ ታክሲ ተጋርታችሁ ከሩቅ የመጣችሁም፣ ማዳም ለሁለት ሰዓት ብቻ ፈቅዳላችሁ ሰዓት እያያችሁ የተቀመጣችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ካቶሊክ ሆንን ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም ሆንን ጴንጤ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ሁላችንም የአንድ አገር ልጆች ነን።

የተሰጠኝ ርዕስ «ጭንቀትን ስለ መቋቋም» የሚል ነበር። ሁለት ማታ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። የጻፍኩት ሁሉ ለእኔ ለራሴም አሰልቺ ሆነብኝ። በመጨረሻ ወረቀቱን ትቼ ይህን ብልቃጥ ይዤ መጣሁ። ከኋላ ያላችሁ ካልታያችሁ፣ በርበሬ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። ግን ክዳኑን ስከፍተው ከፊት የተቀመጡትን እህቶች ፊት አይቻለሁ። አንዷማ ዓይኗን ጨፈነች።

በምክር ሥራዬ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት ልጅ ተጨንቃ ትመጣለች። «ምን ሆንሽ?» ብላት «ምንም» ትለኛለች። «ደመወዝ ይከፍሉሻል?» ስላት አንገቷን ትደፋለች። «ትናንት ምን በላሽ?» ብዬ ስጠይቃት ግን ትናገራለች። ሩዝ። ከልጆቹ የተረፈ ሩዝ። ዳቦ በሻይ። ትንሽ ቆይታ «በርበሬ ከቀመስኩ ዓመት ሆነኝ» ትልና እንባዋ ይመጣል። ሌላው ሁሉ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የተቆለፈው ፍሪጅ፣ ያልተከፈለው ስድስት ወር፣ የተወሰደው ስልክ። ስለ ደመወዝ የተዘጋ አፍ ስለ ምግብ ሲጠየቅ ይከፈታል። ለዚህ ነው ዛሬ ስለ በርበሬ የማወራው።

እኔ የተወለድኩት ቡታጅራ አካባቢ ነው። ማረቆ ጎረቤታችን ነው። የማረቆን በርበሬ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ማረቆ ፋና የሚባለው ዝርያ እንኳ ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። እዚህ የአላባ ልጅ ካለች «የእኛ ይበልጣል» ትላለች። የቡሬና የፍኖተ ሰላም ልጆችም እንደዚያው። አልከራከርም። ማረቆ ግን ይበልጣል።

ችግኙ ክረምት ሲገባ ይተከላል። መስከረም ላይ ቃሪያ ነው፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ መቅላት ይጀምራል። እናቴ ገበያ ወርዳ ዛላ ስትገዛ መጀመሪያ ዓይኗ የሚሄደው ወደ ቀለሙ ነው። ከዚያ አንዱን ዛላ አንስታ ጆሮዋ አጠገብ ትነቀንቀዋለች። ውስጡ ያለው ፍሬ መንኮሻኮሽ አለበት። ካልተንኮሻኮሸ በደንብ አልደረቀም ማለት ነው፤ ያልደረቀ ደግሞ ማዳበሪያ ውስጥ ሆኖ ይሻግታል። ነጋዴው እየተቆጣ ያያታል፣ እሷ ግን ሳትነቀንቅ ገዝታ አታውቅም።

ዛላው ቤት ሲገባ ጎረቤት ይጠራል። አንዷ ትቀነጥሳለች፣ አንዷ ጉድፉን ትለቅማለች፣ ሰሌን ላይ ይሰጣል። ዶሮ የማባርረው እኔ ነበርኩ። ሲደርቅ በሙቀጫ ይሸከሸካል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቀይ ሽንኩርት፣ በሶብላና የጤና አዳም ፍሬ አብሮ ይወቀጥና ከበርበሬው ጋር ይደለዛል። ድልዙ ተሸፍኖ ሁለት ሦስት ቀን ይሰነብታል፤ ሽታው የሚለወጠው ያኔ ነው። እንደገና ፀሐይ ይመታዋል። ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ አዝሙዱ፣ ድንብላሉ ለየብቻ ሞቅ ሞቅ ተደርጎ፣ ጨው ታክሎበት ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ባለ ወፍጮው ፊቱን በሻሽ ጠቅልሎ እያስነጠሰ ይፈጨዋል። ከዚያ የመንደሩ ሴት ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይደርሳታል፣ «የዘንድሮው እንዴት ነው?» ተብላ ትጠየቃለች።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን አይሠራውም። እዚህ አገር ሆናችሁ በርበሬ ሲናፍቃችሁ የምላስ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያቺን ሰሌን የከበቡትን ሴቶች ነው የናፈቃችሁት። እኔ ይህ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ሆዳም የሆንኩ መስሎኝ እራሴን እሰድብ ነበር።

መቼም የሚገርመው፣ በርበሬ ራሱ ከሩቅ የመጣ ነው። አገሩ ከውቅያኖስ ማዶ አሜሪካ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቱጋሎች በመርከብ ወደ እኛ ወደዚህኛው ዓለም አመጡት። ከዚያ በፊት አያቶቻችን ምግባቸውን የሚያሞቁት በቁንዶ በርበሬ፣ በጥምዝና በዝንጅብል ነበር። ስደተኛ ሆኖ መጥቶ ዛሬ ያለ እሱ ወጥ የለም።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልምጣ። ይህን ሳወራ አንዳንዶቻችሁ ታውቁኛላችሁ፣ ሰምታችሁታል። ላልሰሙት ነው።

አማን ስመጣ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ሁለት ኪሎ በርበሬ በጨርቅ ከረጢት ሰፍታ፣ ላዩን በፌስታል ጠቅልላ ሻንጣዬ ውስጥ አኖረችልኝ። ለሆድ ቁርጠት ብላ የደረቀ ጤና አዳም በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ጥግ ላይ ሰካች። ከዚያ ትንሽ በርበሬ ለብቻው በላስቲክ ቋጥራ ጫማዬ ውስጥ ከተተች። «ትልቁን ቢቀሙሽ ይቺ ትቀርልሻለች» አለች። እናቶቻችን የሚያውቁት ነገር አለ።

በደረስኩ ማግስት ማዳም ሻንጣዬን ከፈተች። በነጭ ጨርቅ የተቋጠረውን ቅጠል ስታይ ወደ ኋላ አለች። ቀዩን ዱቄት ስታይ ደግሞ «ሲሒር! ሲሒር!» ብላ ጮኸች። ሲሒር ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የማውቀው ዐረብኛ «ሹክረን» ብቻ ነው፤ እሷ «መድኃኒት ልታደርጊብን ነው ያመጣሽው» ስትለኝ እኔ «ሹክረን» አልኩ። አሁን ያስቃል። ያኔ ሁለቱንም ከረጢት በጓንት ይዛ አውጥታ ጣለችው። የእናቴ የሁለት ሳምንት ሥራ ነበር።

ጫማ ውስጥ ያለችዋ ቀረች። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ መደበቅ ተማርኩ። በባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አድርጌ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጀርባ አስቀመጥኳት። ማታ ሁሉም ሲተኛ ኹብዝ በበርበሬ እየነከርኩ እበላ ነበር፤ ዘይት የለ፣ ሽንኩርት የለ፣ ደረቁን። ቀን ሩዙን አልበላም፣ ማታ ባዶ ሆዴን በርበሬ እበላለሁ። በሦስት ወር ጨጓራዬ ተነሳ። ማዳም «ምን ይሸታል?» ስትለኝ «አላውቅም» እላለሁ። አንድ ጊዜ «አላውቅም» ካልሽ ሁልጊዜ «አላውቅም» ማለት አለብሽ።

ክረምት መጣ። የአማንን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ዝናቡና ብርዱ አንድ ላይ ነው። የማጠቢያው ክፍል ረጠበ፣ በርበሬዬም እርጥበት ስቦ ድንጋይ ሆነ። አንድ ቀን ማለዳ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? የማዳምን የቡና መፍጫ አነሳሁና ውስጡ ከትቼ ፈጨሁት። መፍጫውን በጨርቅ ጠረግኩት፤ የጠራ መሰለኝ። ዐሥር ሰዓት ላይ እንግዶች መጡ። ቡናው በሀል ተፈጭቶ ተፈላ፣ በትናንሽ ፍንጃል ቀረበ። መጀመሪያ የጠጡት ትልቅ ሰውዬ ነበሩ።

ሳቁ፣ እኔም አሁን እስቃለሁ። ሰውዬው ግን እስኪታፈኑ ሳሉ። ያን ቀን ማዳም እርግጠኛ ሆነች፤ የጠረጠረችው ሲሒር ይኸው ተገኘ። ለመክተቡ ደወለች። ስልኬ ተወሰደ። «ትመለሻለሽ» ተባልኩ። ዕዳ ተበድሬ የመጣሁ ልጅ ነኝ፣ የምመለሰው ወዴት ነው? ለሁለት ቀን ከክፍሌ እንዳልወጣ ተደረገ። ማዳም ጨካኝ ሴት አልነበረችም፤ በእውነት ፈርታ ነበር። የሰው ፍርሃት ደግሞ ከክፋቱ የማይተናነስበት ጊዜ አለ።

ለምን እንዳልመለሰችኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት ለመክተቡ የከፈለችው ገንዘብ አሳዝኗት ይሆናል። ቆርቆሮውን ግን አልጣለችውም። ለማስረጃ ብላ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠችው።

በጋ ላይ የማዳም እናት ከሰልጥ መጡ። ተይታ እንላቸው ነበር። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ እጃቸው ግን ሥራ አይፈታም። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጠው ባሚያ በመርፌና በክር ይሰካሉ። አንድ በአንድ፣ እንደ መቁጠሪያ። ሲሞላ ክሩን ከበረንዳው ብረት ላይ ያስሩታል። ፎጣ ላሰጣ የወጣሁ ሰው ቆሜ ቀረሁ። አያቴ ሥጋ ለቋንጣ ስትሰቅል ትዝ አለችኝ። ተይታ ቀና ብለው አዩኝና መርፌ ሰጡኝ። ሳንነጋገር አንድ ሙሉ ሳፋ ጨረስን።

እጄን አይተው «ፈላሐ ነሽ» አሉኝ፣ የገበሬ ልጅ ነሽ ማለታቸው ነው። ሲሉኝ ደስ አለኝ። ከዚያ ስለዚያ ቆርቆሮ ጠየቁኝ፤ ልጃቸው ነግራቸው ኖሯል። በዚያ ጊዜ ትንሽ ዐረብኛ ይዣለሁ። «ፊልፊል ነው። እናቴ ናት የሠራችው» አልኳቸው። አምጪው አሉ። ማዳም እያየች ጣታቸውን አስገብተው ላሱት። ሳሉ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ ከዚያ ሳቁ። «ይሄ እኮ ፊልፊል ነው፣ የምን ሲሒር!» ብለው ልጃቸውን ገሠጿት። በእሳቸው ልጅነት በሰልጥ ቤቱ ሁሉ በበጋ ባሚያውን፣ ባዚንጃኑን፣ ፊልፊሉን በክር ሰክቶ ያደርቅ እንደነበር፣ ክረምት የሚገባው በዚያ እንደነበር ነገሩኝ። ሙና ይሉታል፤ ለክረምት የሚቀመጥ ስንቅ ነው። ልጃቸው ግን ያደገችው በሱፐርማርኬት ነው፤ የደረቀ ነገር በጨርቅ ተቋጥሮ አይታ አታውቅም።

በሳምንቱ ተይታ አንድ ሳጥን ቀይ በርበሬ አስገዙ። ጭራውን በመርፌ ወጋን፣ በክር ሰካን፣ በረንዳው ላይ ሰቀልን። የአማን በጋ ዝናብ የለውም፣ አየሩ ደረቅ ነው፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ለበርበሬ ከእኛ አገር ኅዳር አያንስም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተንኮሻኮሸ። ጆሮዬ አጠገብ ነቀነቅኩት።

ከዓመታት በኋላ አንዲት ሲስተር ከመቄዶንያ የተላከ ካርድ አሳየችኝ። ስኮፕዬ የምትባለው የሰሜን መቄዶንያ ዋና ከተማ ማዘር ቴሬዛ በ1910 የተወለዱባት ናት፤ በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለውን የሲስተሮቻቸውን ቤት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ካርዱ ላይ የአንድ የገጠር ቤት ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በክር የተሰካ ቀይ በርበሬ ለብሷል። ቬዜኒ ፒፔርኪ ይሉታል፣ «የተጠለፈ በርበሬ» እንደ ማለት ነው፤ ልጣጩ ላይ እንደ ጥልፍ ያለ ቀጭን መስመር አለበት። ባቄላ መሰል አደንጓሬ በሸክላ አድርገው በምድጃ ሲጋግሩ ያን የደረቀ በርበሬ ይጨምሩበታል፣ ታቭቼ ግራቭቼ ይባላል፣ ሥጋ ስለሌለው በጾምም ይበላል። የእኛ ሽሮ ማለት ነው እንግዲህ። ካርዱን አይቼ ተይታ ትዝ አሉኝ።

ነገር ግን እህቶቼ፣ ሁሉም ቤት ተይታ የለውም። የእኔም ነገር በበርበሬ ሁሉ አልተስተካከለም። በዚያ ቤት ሳለሁ አንድም ቀን የሳምንት ዕረፍት አላገኘሁም፣ የመጨረሻው ደመወዜም ሳይከፈለኝ ነው የወጣሁት። ተይታ ጥሩ ሴት ስለነበሩ ያ ቀረ ማለት አይደለም። ይህን የምለው ደግ ቃል የሰማን ቀን መብታችንን ስለምንረሳ ነው።

ዛሬ እንደ አዲስ ብመጣ ምን አደርግ ነበር? በመጀመሪያው ቀን ሻንጣዬን እኔው ራሴ ማዳም ፊት እከፍተው ነበር። በርበሬውን በጨርቅ ሳይሆን ውስጡ በሚታይ ብልቃጥ አደርገዋለሁ። በላዩ በዐረብኛ «ፊልፊል ሀበሺ» ብዬ አስጽፋለሁ። «ሃዳ ፊልፊል፣ ለል-አክል፣ ሚን እምሚ» እላለሁ፤ ይህ በርበሬ ነው፣ የሚበላ ነው፣ ከእናቴ ነው። ከዚያ እሷ ሳትጠይቀኝ ትንሽ አንስቼ እሷ እያየች እቀምሳለሁ። ቅጠል፣ ሥር፣ ጭስ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ግን ባላመጣ ይሻለኛል። ጤና አዳም እዚህም አለ፣ ፈይጀን ይሉታል።

ማዳም ሽታውን ከጠላች፣ እውነት ነው፣ በርበሬ በዘይት ሲቁላላ ያስነጥሳል። መስኮት ከፍታችሁ፣ የመጥበኹን በር ዘግታችሁ፣ እነሱ ከቤት ሲወጡ ሥሩ። በአንድ ጊዜ ቁሌቱን አብዝታችሁ ሠርታችሁ ፍሪጅ ብታስቀምጡት ሳምንት ሙሉ ሁለተኛ አትቁላሉም። «አታብስይ» ካለችሽ ደግሞ አዋዜ አለ፤ በርበሬውን በትንሽ ውሃና ዘይት፣ ጨውና የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት መለወስ ነው፣ እሳት አይነካውም።

ከአገር የሚመጣ ካላገኛችሁ እዚሁ መሥራት ይቻላል። መሀል ከተማ፣ በለድ፣ አጣር የሚባሉት የቅመም ሱቆች አሉ። ስማቸውን ብቻ ማወቅ ነው። ድንብላል ኩዝበራ ነው። ጥቁር አዝሙድ ሀበት አል-በረካ ይባላል፣ ብዙ ሰው ቀዝሃም ይለዋል። አብሽ ሂልባ ነው፣ ቅርንፉድ ቁሩንፉል፣ ቀረፋ ቂርፋ፣ ዝንጅብል ዘንጀቢል፤ እነዚህማ ስማቸው እንኳ ዘመድ ነው። ነጭ አዝሙድ ስትፈልጉ ከሙን ይሰጧችኋል፤ አንድ አይደሉም፣ ግን ትንሽ ብትጨምሩበት አይከፋም። ኮረሪማን አታገኙም። ሀል የሚሉት አረንጓዴው ሄል ነው፣ ሽታው ከኮረሪማ ይለያል፣ ከሌለ ግን እሱው ይሁን፤ አታብዙት፣ ቡና ቡና ይላል።

በርበሬው ላይ ተጠንቀቁ። ትንንሹ ደረቅ ፊልፊል ከእኛ ዛላ ይልቅ እንደ ሚጥሚጣ ያቃጥላል። እኔ ግማሽ ኪሎ ስሠራ ከሦስት እጅ ሁለቱን የማያቃጥለውን አደርጋለሁ፣ ፊልፊል ሂሉ በሏቸው፤ አንዱን እጅ የሚያቃጥለውን፣ ፊልፊል ሃር። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ኩዝበራ፣ አንድ አንድ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድና ከሙን፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አብሽ፣ አምስት ስድስት ፍሬ ሀል፣ ሁለት ሦስት ቅርንፉድ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን እርጥቡን መደለዝ ከፈለጋችሁ ድልዙ እንደገና እስኪንኮሻኮሽ መድረቅ አለበት። ጊዜና ቦታ የሌላት ደረቁን የሽንኩርትና የዝንጅብል ዱቄት ትጠቀም፤ እናቴ ብትሰማኝ ትቆጣለች፣ ግን እናቴ በሌላ ሰው ቤት ኖራ አታውቅም። አጣሩ ራሱ ይፈጭላችኋል፣ «ኢጥሐንሊ ያሃ» በሉት። የማዳምን የቡና መፍጫ እባካችሁ ተዉት።

ሻጋታ ያየባችሁትን በርበሬ ጣሉ። ውድ ነው፣ ከእናት የመጣ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፣ ብታበስሉትም አይጠፋም። በብልቃጥ፣ በደረቅ ማንኪያ፣ ቢቻል ፍሪጅ ውስጥ ነው ቦታው። ጨጓራ ያለባችሁ ደግሞ እንደ እኔ ባዶ ሆዳችሁን ማታ ማታ አትብሉ። ሩዙን ብሉ። ሩዙን በበርበሬ ብሉት ግድ የለም፣ ግን ብሉት።

ስለ ሕጉ አጠር አድርጌ ልናገር። የቤት ሠራተኛ ጉዳይ በዮርዳኖስ ደንብ አለው፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2009 የወጣው ደንብ ቁጥር 90 ነው። ምግብ፣ ልብስና ማደሪያ በአሠሪው ላይ ነው ይላል፣ በሳምንት አንድ ቀንም ዕረፍት አላችሁ። ምግብ ከደመወዛችሁ የሚቆረጥ ነገር አይደለም፣ ውለታም አይደለም። ደንቡ በርበሬ ይሰጣት አይልም፣ ይህን ማዳምን አታስገድዷት። ግን ፍሪጅ ከተቆለፈባችሁ፣ የሚሰጣችሁ ከሌላው የተረፈ ብቻ ከሆነ፣ እየከሳችሁ ከሄዳችሁ፣ ያ የጸባይ ጉዳይ አይደለም። ለእኛ ንገሩን፣ ለሥራ ሚኒስቴር አቤት ማለት ይቻላል። ብቻችሁን አትሂዱ፤ አብረናችሁ እንሄዳለን።

ይህ ብልቃጥ የማን እንደሆነ ሳልነግራችሁ ልጨርስ ነበር። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ስሟን አልናገርም። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተደብቃ ነው የምትናገረው። በትራሷ ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ዱቄት ተገኝቶ «ሲሒር» ተብላለች፣ ሰውየው ፖሊስ እጠራለሁ ብሏል። «ምንድን ነው ዱቄቱ?» አልኳት። ዝም አለች። «በርበሬ ነው?» አልኳት። ማልቀስ ጀመረች።

ከአንዲት ሲስተር ጋር ሄድን። አሠሪዎቹ ቋጠሮውን ጠረጴዛ ላይ አድርገው በሩቅ ተቀምጠዋል፣ ማንም አልነካውም። ልጅቷ ጥግ ላይ ቆማለች። እኔ ፈትቼ ቀመስኩት። ሲስተርም ቀመሰች፤ ሕንዳዊት ናት፣ ፊቷ እንኳ አልተለወጠም። «ዳቦ አለ?» አልኩ። ኹብዝ አመጡ፣ በዘይት ለውሼ ለሴትየዋ ዘረጋሁላት። እምቢ አለች። የአሥር ዓመት ልጃቸው ግን መጥቶ ከእጄ ወሰደ። ቤቱ ሁሉ ጸጥ አለ። ልጁ አኘከ፣ ጆሮው ቀላ፣ ውሃ እያለ ሮጠ፣ ውሃውን ጠጥቶ ተመልሶ መጥቶ ደግሞ ጠየቀ።

ሰውየው ፖሊስ አልጠራም። ልጅቷ ግን መቆየት አልፈለገችም፣ እኔም ቆዪ አላልኳትም። በነጋታው ሳናግራት ለስምንት ወር ማታ ማታ እንደምትበላ፣ ቀን እንደማይሰጧት፣ ደመወዟም እንዳልተከፈላት ነገረችኝ። ጉዳዩ ጊዜ ወሰደ። የተወሰነውን ገንዘቧን አገኘች እንጂ ሁሉንም አይደለም። ወደ አገሯ የሄደች ቀን በርበሬውን በዚህ ብልቃጥ አድርጋ ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ ትታልኝ ሄደች። «ለምትመጣው ልጅ» አለችኝ።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ በዐረብኛ «ፊልፊል ሀበሺ» ተብሎ የተጻፈበት ወረቀት አለ፣ እየቆረጣችሁ ውሰዱ፣ በየብልቃጣችሁ ላይ ለጥፉት። አሁን ሽሮው ደርሷል፣ ሽታው ይኸው መጣ። ለሁለት ሰዓት ብቻ የተፈቀደላችሁ ቅድሚያ ተሰለፉ።